ሒሳብ የማትወደው አስጠኚ

የመሐል ሜዳ ከተማ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ እየሩስ፣ በወጣት ማዕከሉ ስብሰባ ላይ እጇን ያወጣችው ደፋር ሆና አይደለም፤ ዝምታው ከብዷት ነው። የወጣት ማዕከሉ ኃላፊ ትምህርት ተቋርጦ በከረመባቸው ዓመታት ወደ ኋላ ስለቀሩ የከተማዋ ድሃ ልጆች ሲናገሩ ቆዩ። ከትምህርት ቤት መልስ በነጻ የሚያስጠና ሰው ይፈለጋል አሉ። አማርኛውን አንዱ አነሳው፣ እንግሊዝኛውን ሌላው። «ሒሳብስ?» ሲሉ ግን ሰው ሁሉ የገዛ ጫማውን ይመለከት ጀመር። እየሩስ እንዲህ ያለ ዝምታ አይሆንላትም። ለቅሶ ቤት እንኳ ወሬ ሲቋረጥ ቀድማ አንድ ነገር የምትናገረው እሷ ናት። እጇ ከሐሳቧ ቀድሞ ወጣ።

ምን እንዳደረገች የገባት ጭብጨባው ካባራ በኋላ ነው። አስረኛ ክፍል ላይ በሒሳብ ኤፍ ያገኘች ሴት ናት። ከዚያ ወዲህ ሒሳብን እንደ ነገረኛ ጎረቤት ከሩቁ ሰላም ትለዋለች እንጂ ደጁን ረግጣ አታውቅም።

በነጋታው ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ አቶ አትናቴዎስ ቤት ሄደች። አቶ አትናቴዎስ የከተማዋን ግማሽ ሕዝብ ሒሳብ ያስተማሩ ጡረተኛ ናቸው፤ እሷንም አስተምረዋታል። በረንዳቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ ልጆች በነጻ ላስጠና ቃል ገብቻለሁ።»

«ደግ አድርገሻል። ምን ልታስጠኚ?»

«ሒሳብ።»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ከአፋቸው ላይ አወረዱ። «አንቺ? ከኋላ ወንበር ተቀምጠሽ ስትስቂብኝ የኖርሽው?»

«እኔ።»

«የእግዚአብሔር ያለህ!»

እየሩስ የመጣችበትን አልሸሸገችም። እባክዎ እርስዎ ይምጡልኝ፣ እኔ ጠመኔውን እይዝልዎታለሁ አለቻቸው። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ሰው ፊት መቆም አስጠልቶኛል። ጠመኔ በቃኝ። አንቺን ግን እዚሁ ላስተምርሽ እችላለሁ። አንቺ ደግሞ ሄደሽ ለልጆቹ ትነግሪያቸዋለሽ።»

እንዲህ ተጀመረ። እየሩስ ማታ የተማረችውን በማግስቱ ታስተምራለች። የማዕከሉ አዳራሽ መስኮት ተሰብሮ በካርቶን ተደፍኗል፤ የመንዝ ነፋስ ግን ካርቶን አይመልሰውም። ሁሉም ስምንተኛ ክፍል የሆኑ የቀን ሠራተኛ፣ የጠላ ሻጭና የጠጉር ፈታይ ልጆች አግዳሚው ላይ ተጠጋግተው፣ ሦስትም አራትም ሆነው አንድ የበግ ጠጉር ባና ለብሰው ይጽፋሉ። «ቲቸር» ሲሏት መጀመሪያ ዞር ብላ ኋላዋን ታይ ነበር። ከሁሉም አፏ የማያርፈው አመተሥላሴ የምትባል ልጅ ናት። እናቷ በዛወርቅ የበግ ጠጉር ፈትላ ገበያ እያወጣች ነው የምታሳድጋት። አመተሥላሴ ያልተጠየቀችውን ትመልሳለች፤ የተጠየቀችውን ደግሞ በጥያቄ ትመልሳለች። እየሩስ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ወደደቻት።

ትምህርቱ ክፍልፋይ ላይ ሲደርስ አቶ አትናቴዎስ ለተዝካር ወደ ራቤል ከተማ ወረዱ። እየሩስ ብቻዋን ቀረች። ልጆቹን ባዶ እጃቸውን መመለስ አልቻለችምና ከድሮ ትዝታዋ ጎርጉራ አንድ ነገር አወጣች። «አንድ ሁለተኛና አንድ ሦስተኛን ስትደምሩ ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደምሩ። ሁለት አምስተኛ! አያችሁ? ቀላል ነው።» ልጆቹ ደስ አላቸው። እውነትም ቀላል ነበር።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው መጡ። ለወትሮው እንደ አጥቢያ ዶሮ ቀድማ የምትጮኸው አመተሥላሴ ሳትቀር ደብተሯን አቅፋ መሬት መሬት ታያለች።

«ምን ሆናችኋል?»

«ሁላችንንም ኤክስ አደረጉን፣ ቲቸር» አለች አመተሥላሴ በመጨረሻ። «መምህራችን ‹አንድ ዓይነት ስሕተት ከየት ተካፈላችሁ?› ብለው ጠየቁን። ዝም አልን።»

«ለምን ዝም አላችሁ?»

«እርስዎን እንዳናሳጣ ብለን።»

ቢስቁባት ይሻላት ነበር። እየሩስ ጠመኔውን አስቀምጣ «ያሳሳትኳችሁ እኔ ነኝ። ነገ ለመምህራችሁ እንደዚያ ብላችሁ ንገሯቸው» አለቻቸውና በጊዜ አሰናበተቻቸው። ሁለተኛ እዚያ አዳራሽ ላትመለስ ወስናለች። ይህንኑ ልትናገር ከራቤል ወደተመለሱት አስተማሪዋ ሄደች።

አቶ አትናቴዎስ ሰምተው ብድግ አሉ። «ግማሽ ላይ ሲሶ ጨምረሽ ሁለት አምስተኛ? ከጨመርሽበት በኋላ ከግማሽ አነሰ? ባላገር ቢሰማሽ ማሳዬን በላችው ብሎ ይከስሽ ነበር እኮ!» ሌላም ሊጨምሩ ሲሉ እንባዋን አዩ። ያን ጊዜ የሚይዙት የሚጨብጡት ጠፋቸው። ጋቢያቸውን አውልቀው ጣል አደረጉላት፤ ውሃ ቀዱላት፤ ከራቤል ይዘውት የመጡትን ዳቦ ቆርሰው አጎረሷት። «ተይ ልጄ፣ ተይ። እኔው ነገ እመጣለሁ።»

መጡም። ኮታቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ገቡ። ልጆቹ እንደ ወታደር ቀጥ ብለው ተነሡ። አቶ አትናቴዎስ ሰሌዳውን ሲሞሉት ሐምሌ ላይ እንደሚወርድ ዶፍ ነው፤ ፋታ የለም። ጨርሰው ዞር አሉና «ገባችሁ?» አሉ።

«አዎ!» አለ አዳራሹ በአንድ ድምፅ።

እየሩስ ከልጆቹ ጋር ከኋላ ተቀምጣለች። ግራና ቀኟን አየች። ማንም አልገባውም፤ ፊታቸው ላይ ተጽፏል። እሷም አልገባትም። አመተሥላሴ እርሳሷን እያኘከች ነው። እየሩስ እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ እኔ አልገባኝም።»

አቶ አትናቴዎስ ከመነጽራቸው በላይ አፈጠጡባት። «የቱ?»

«ከታች የጻፉት ስድስት ከየት መጣ?»

«እኔም ስድስቱ ነው ያልገባኝ!» አለች አመተሥላሴ። ሌሎቹም «እኔም፣ እኔም» እያሉ ተከተሉ። አንዱ ከናካቴው ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ እንዳልገባው ተናዘዘ።

እየሩስ ሽማግሌው ከዘራቸውን አንሥተው የሚሄዱ መስሏት ፈራች። እሳቸው ግን ሰሌዳውን በእጅጌያቸው ጠረጉና አንድ ማሳ ሣሉ። ማሳውን እኩል ስድስት ቦታ ከፈሉት። «ይህን ማሳ ለሁለት ብንካፈል የእኔ እኩሌታ ስንት ቁራጭ ነው?» ሦስት አሉ ልጆቹ። «ሲሶውስ?» ሁለት። «ሁለቱን አንድ ላይ ባርሳቸው?» አመተሥላሴ አግዳሚው ላይ ልትወጣ ምንም አልቀራት፤ «አምስት ስድስተኛ!» ብላ ጮኸች። አቶ አትናቴዎስ ፈገግ አሉ። እየሩስ እኒያን ጥርሶች ካየቻቸው ስንት ጊዜዋ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሁለቱ ሥራ ይኸው ሆነ። እሳቸው ያስተምራሉ፤ እሷ ከልጆቹ መሐል ተቀምጣ ልጆቹ ያፈሩበትን ትጠይቃለች። ወደ ቤት ሲመለሱ ለነፋሱ ጀርባቸውን እየሰጡ ይከራከራሉ።

«ዛሬስ እውነት አልገባሽም ነበር ወይስ ለእነሱ ብለሽ ነው?»

«እኩል ለእኩል ነው፣ ጋሼ።»

በሰኔ ልጆቹ ሚኒስትሪ ተፈተኑ። ውጤት ሲመጣ አብዛኞቹ አልፈዋል። አመተሥላሴ ግን በትንሽ ነጥብ ወደቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በማዕከሉ በር አላለፈችም። እየሩስ አላስችል ቢላት ቤቷ ድረስ ሄደች። እናቷ በዛወርቅ እንዝርቷን እያሾረች ተቀበለቻት።

«ይግቡ እንጂ። እሷማ ይኸው ተኝታለች» አለችና መደቡ ላይ የተጠቀለለውን ባና በአገጯ አመለከተች። «እኔም በቃሽ ብያታለሁ። አብራኝ ትፍተል። ምን ላድርግ?»

እየሩስ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እኔ አስረኛ ክፍል በሒሳብ ኤፍ ነው ያገኘሁት» አለች ለእናትየዋ፣ ባናው እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

ባናው ተንቀሳቀሰ። የአመተሥላሴ ጸጉር፣ ቀጥሎ ዓይኗ ብቅ አለ። «እርስዎ?»

«እኔ።»

«ታዲያ እንዴት ደፍረው ሊያስጠኑን መጡ?»

«እስካሁን ለራሴም አልገባኝም።»

ልጅቱ ላለመሳቅ ከንፈሯን ነከሰች፤ አልሆነላትም። በዛወርቅም እንዝርቷን አስቀምጣ ሣቀች። ሣቁ ሲበርድ «እንግዲያው ትሂድ» አለች። «ግን ጠዋት ጠዋት ትፍተልልኝ። በዚህ አልደራደርም።»

አመተሥላሴ ስምንተኛን ደገመች። ዓመቱን ሙሉ ከእየሩስ ጎን ተቀምጣ አቶ አትናቴዎስን በጥያቄ አላስቆም አላስቀምጥ አለቻቸው። በዓመቱ ውጤት ሲነገር እየሩስ ወሬውን ይዛ እየሮጠች ገበያ መሐል አገኘቻቸው። ሽማግሌው ሰምተው የያዙትን ሽንኩርት መሬት ላይ በተኑትና ራሷን በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባሯን ሳሟት። ሰው ቆሞ ያይ ጀመር። አንዲት ጎመን ሻጭ «ምነው፣ ልትዳሪ ነው እንዴ?» አለቻት።

«የለም» አለች እየሩስ ሽንኩርቱን እየለቀመች። «ሒሳብ አልፈን ነው።»