ለቀኝ ጉልበት የተሠራው ግራ

ሱሪ ሰፊው ሰውን በቀላሉ አያምንም። ደንበኛው «ወገቤ ያው ነው፣ አልጨመረም» ቢለው እንኳ ሜትሩን ዘርግቶ እንደገና ይለካል እንጂ ዝም ብሎ አይቀበልም። እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ነው ቀኝ ጉልበቱን ታሞ ሆስፒታል የገባው!

በሲቲ ስካን ካነሱት ሦስት ቀን ሆኖታል። የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ባለሙያ ከዚያ ምስል የሠራችውን የጉልበቱን ሞዴል አሁን ስክሪን ላይ እያሳየችው ነው። እግር የለ፣ ሥጋ የለ፣ አጥንቱ ብቻውን እጥፍ ዘርጋ ይላል! በአንድ ጎኑ «ውስጥ»፣ በሌላው «ውጭ» የሚል ተጽፎበታል፤ አጥንት ካጥንት የሚፋተግበት ቦታ ቀይ ነው። ሐኪሙ ነገ ጠዋት ከፍቶ የሚቆርጠው ያንን ቀይ ወገን ነው።

«ያው፣ የተጎዳው በውጭ በኩል ነው» አለች ባለሙያዋ።

«እኔን የሚያመኝ በውስጥ በኩል ነው።»

«ሕመም አንዳንዴ ቦታውን ያሳስታል፣ ጋሼ።»

«ኮምፒውተርስ አያሳስትም?»

አጠገቡ የተቀመጠችው ሚስቱ በክርኗ ጎሸም አደረገችው። «አንተ ሰውዬ፣ እዚህም ሱቅህ መሰለህ እንዴ? ተዋት፣ ሥራዋን ትሥራበት!»

«ጉልበቱ ያንቺ ቢሆን እንዲህ አትይም ነበር።»

ነገሩ አልዋጥልህ አለው። «እስቲ እንደገና እጠፊልኝ» አለ። አጠፈችው። «ዘርጊው።» ዘረጋችው። የሱሪውን እግር ወደ ላይ ሰበሰበና ከጉልበቱ ዝቅ ብላ በውጭ በኩል ያለችውን ጉጥ ዳበሰ። ሠላሳ ዓመት የሰው እግር ሲለካ ይህቺን ጉጥ ስንቱ ላይ ነክቷታል!

«የቀጭኗ አጥንት ጫፍ ይቺ አይደለች? የኔ በውጭ ናት። ያንቺዋ ለምን ‹ውስጥ› ከተባለው ጋ ሆነች?»

ባለሙያዋ ጎንበስ ብላ የእሱን ጉልበትና ስክሪኑን አስተያየች።

«ፕሮግራሙ የሚያውቀው ግራ እግርን ብቻ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ቀኝ ሲመጣ እንደ መስታወት ገልብጬ አስገባና ሲያልቅ እመልሰዋለሁ። የእርስዎን መመለሱን ረሳሁት፤ ‹ውስጥ›ና ‹ውጭ› የሚለውን ግን ለቀኝ እግር ብዬ ነው የጻፍኩት።»

«እኔም አንዴ ጨርቅ ገልብጬ ቆርጬ የሰው ሙሉ ሱፍ አበላሽቻለሁ። ደግነቱ ሱፍ አያነክስም!»

ገለበጠችው። ቀዩ ወደ ውስጥ ዞረ። ወዲያው ለሐኪሙ ደውላ የነገውን ዕቅድ አስለወጠች። ሚስቱ ጎንበስ ብላ የሱሪውን እግር ዝቅ አደረገችለት።

«አሁንስ አመኑኝ፣ ጋሼ?»

«አምኛለሁ። ግን ነገ ከወገቤ በታች ብቻ ነው የምታደነዝዙኝ፤ ቢላው በየት በኩል እንደሚገባ ነቅቼ አያለሁ።»