ወርቅ የተቀባው ትሮምቦን

«ቀለም ነው እኮ ናቲ! መርዝ አላጠጣነውም!»

«ጋሽ ሳሙኤል፣ ቱቦው አይንቀሳቀስም። ይኸው፣ እርስዎ ይሳቡት።»

በሁለት እጁ ጨብጦ ሳበው። ፊቱ በላብ ወረዛ እንጂ ቱቦው ንቅንቅ አላለም።

«እሺ፣ አይንቀሳቀስ» አለኝ መልሶ እያቀበለኝ። «ማን ጠጋ ብሎ ያየዋል? ነገ፣ ጌታ ይባርክህና፣ ይዘኸው ትቆማለህ። ጉንጭህን ትነፋለህ። ኪቦርዱ ውስጥ የትሮምቦን ድምፅ አለ፤ ቢኒያም ይጫወተዋል።»

ይህ ከሆነ ዐሥራ አንድ ዓመት አልፎታል። ባለፈው ቅዳሜ ቡልቡላ ሰርግ ተጠርቼ፣ አንድ ጎረምሳ የሚያብረቀርቅ ትራምፔት አፉ ላይ ደግኖ ጉንጩን ሲነፋ አየሁ። ድምፁ የሚወጣው ከኋላው ካለው ኪቦርድ ነበር። ሰው ያጨበጭባል። እኔ ሳህኔን አስቀመጥኩ።

ትሮምቦኑን ለአዳማ ቤተ ክርስቲያናችን ትተውት የሄዱት ድሮ የነበሩ ሚስዮናውያን ናቸው። እጄ ሲገባ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ትሮምቦን እንደ ትራምፔት የሚጫኑት ቁልፍ የለውም፤ አንዱ ቱቦ በሌላው ላይ ሲንሸራተት ነው ድምፁ የሚወፍረውና የሚቀጥነው። የእኛው ተጨረማምቶ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆም ነበር። ከንፈር የሚገጥምበት አፉ የሚሰካበት አጭር ቱቦ ደግሞ በምራቅና በዕድሜ ውስጡ ተበልቷል። አዲስ አበባ ያሳየናቸው ሰዎች «ጣሉት» ብለውናል።

«ለምን ይጣላል?» አሉኝ ጋሽ ከድር። ወደ ደራ በሚያስወጣው መንገድ ዳር ራዲያተር የሚጠግኑ፣ የአቦምሳ ተወላጅ ናቸው። «ራዲያተር ውሃ ያሳልፋል፣ ይኼ አየር። ነሐስ ነሐስ ነው።»

ወሩ ግንቦት ነበር። አቧራው ትኩስ ነው፤ ውሃቸው የፈላ አይሱዙዎች ደጃፋቸው ላይ ተደርድረው እንፋሎት ይተፋሉ። ጋሽ ከድር ከእነሱ በሚተርፋቸው ሰዓት፣ ከተጣለ የመኪና አሞርዛተር ያወጡትን ለስላሳ ዘንግ ቱቦው ውስጥ ከተው፣ የተሰረጎደውን ቦታ በአውራ ጣታቸው እየፈለጉ፣ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያሉ ያቃኑታል። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚዳስሱት። ከመቂ የመጣ ፓፓያ በቢላዋ ይከፍሉና ግማሹን ለእኔ ይሰጡኛል፤ ጭማቂው ክንዴ ላይ ሲወርድ «ዕቃውን እንዳትነካ!» ይሉኛል።

የተበላውን አጭር ቱቦ በእሳት አላቀው አወጡና ከስስ ነሐስ አዲስ ጠቀለሉ። «አፉፊ!» ይሉኛል፣ ንፋ ማለታቸው ነው። ነፋሁ። ወፍራሙ ድምፅ ወጣ፣ ቀጭኑ ተሰነጠቀ። «ጉሮሮው ሰፍቷል» ብለው ነቀሉት። ሁለተኛው ጠበበ። ሦስተኛው ሲገባ ድምፁ ከታች እስከ ላይ አንዴም ሳይሰነጠቅ ወጣ፤ መንገድ ዳር የቆመ የአይሱዙ ሾፌር በጥሩምባው መለሰልኝ። ጋሽ ከድር ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

«ስትጫወት መጥቼ እሰማለሁ» አሉኝ።

«ጋሽ ከድር፣ ቤተ ክርስቲያን እኮ ነው።»

«በር ላይ ብቆም አላህ ይቆጣኛል? በእጄ የሠራሁትን መስማት አለብኝ።»

አዲሱ አዳራሽ ሊመረቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ሳሙኤል የብየዳውን ጠባሳ አየና «በእንግዶች ፊት ያሳፍረናል» አለ። የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ነው። የብረት በር ከሚቀቡለት ልጆች ዘንድ ወስዶ ወርቅማ ቀለም አስረጨው። ቀለሙ ሁሉም ጋ እንዲዳረስ ብሎ ቱቦውን እስከ ጫፍ አስጎተተ፤ ሳይደርቅ መልሶ አስገባው። ዕድሜ ልኩን ቱቦ ሲሸጥ የኖረ ሰው!

«ለጋሽ ከድር ልውሰድላቸው» አልኩት። «በቲነር ዛሬውኑ ያላቅቁታል።»

«ቀለሙስ?» አለኝ።

ቀለሙስ! ዛሬም ይህች ቃል ትዝ ስትለኝ ደሜ ይፈላል። በዚህ አላበቃም። «ድሮም ለራዲያተር ጠጋኝ ባትሰጠው አይበላሽም ነበር» አለኝ። «አልይዝም ካልክ ደግሞ የሚይዘው ሰው አላጣም።»

ትቼለት መሄድ ነበረብኝ። ያኔ ደብተሬ አስመሳዮችን በሚሰድብ ግጥም የተሞላ ነበር፤ ቤት የሚመታ፣ ማንንም የማይፈራ ግጥም። ለጋሽ ሳሙኤል ግን «እሺ» አልኩት። ለጋሽ ከድር እውነቱን ነግሬ አትምጡ ለማለት እንኳ አፈርኩ፤ ላይመጡ ይችላሉ ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ለዓመታት ንዴቴን ሁሉ የጫንኩት በጋሽ ሳሙኤል ላይ ነው፤ ይገባዋልም። የሰውን ልፋት በቀለም ሸፍኖ፣ አበላሽቶ፣ ጥፋቱን ለሠሪው የሰጠ ሰው ነው። ቡልቡላ ላይ ያን ጎረምሳ ሳይ ግን፣ ጉንጬን የነፋልኝ ጋሽ ሳሙኤል እንዳልነበር ገባኝ።

መጡ። ጋሽ ከድር ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ቆባቸውን አድርገው፣ ከኋላ በሩ ላይ ቆሙ። ወርቅ በወርቅ የሆነውን ዕቃ አንስቼ አፌ ላይ ደገንኩ። ቢኒያም ተጫወተ። ድምፁ ወጣ፣ ወረደ፣ ተንሸራተተ። ክንዴ ግን እዚያው ባለበት። እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ እልልታው አዳራሹን ሞላው።

ክንዴን ያዩ የነበሩት ጋሽ ከድር ብቻ ናቸው። ግራ ገብቷቸው፣ ቱቦውን መሳብ የረሳሁ መስሏቸው፣ የራሳቸውን እጅ ወደ ፊት ዘርግተው መለሱ። እንዲህ፣ እንዲህ አድርገው እንጂ ማለታቸው ነው። አንዴ ደግመው አሳዩኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ እየወጡ ነበር። የብረቱ በር ከኋላቸው ክርችም ብሎ ተዘጋ።