ያልለጠፍኳቸው ፎቶዎች

ከአዲስ አበባ በወጣሁበት ማታ እናቴ እያለቀሰች አንገቴ ላይ ካሜራ አንጠለጠለችልኝ። የኔ አልነበረም። ደላላው ሳሚ ነው «ከዛሬ ጀምሮ የጉዞ ፎቶ አንሺ ነሽ» ብሎ የሰጠኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የሞባይል ሱቅ ውስጥ ከመሸጥ በቀር የማውቀው ሥራ አልነበረም። ሳሚ ግን አውስትራሊያ ባዶ ፓስፖርት አታምንም፣ ሲዞር የኖረ ሰው ነው የምታምነው አለኝ። ስለዚህ ታይላንድ ሦስት ሳምንት ተዝናኚ፣ ፎቶ አንሺ፣ ኢንስታግራም ላይ ለጥፊ፣ እዚያው እያለሽ ቪዛውን እናስገባለን አለኝ። የሚሸሽ ሰው ተዝናኚ ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰምቻለሁ።

የሸሸሁት ከአንድ ሰው ነው። ስሙን አልጽፍም። እምቢ ስለው አልለቅሽም ያለኝ፣ ልከሰው ፖሊስ ጣቢያ ስሄድ ቀድሞኝ እዚያ ሻይ ሲጠጣ ያገኘሁት ሰው። ወንድሙ ባንኮክ ይነግዳል። ይህን የሰማሁት ግን ትኬቱ ከተቆረጠ በኋላ ነው።

ታይላንድ ስወርድ ሙቀቱ እርጥብ ጋቢ ያለበሱኝ መሰለኝ። የመጀመሪያው ቀን ፎቶዎቼ በሙሉ ጭጋግ ናቸው። ሳሚ የተበላሸ ካሜራ ሰጠኝ ብዬ ስረግመው ዋልኩ። ለካ ማቀዝቀዣ ካለበት ክፍል በቀጥታ ሲወጣ ሌንሱን እንፋሎት ይይዘዋል። የሆቴሉ ጽዳት ሠራተኛ ናት ካሜራውን በረንዳ ላይ አውጥታ፣ ትንሽ ይሙቅ ብላ በእጇ ያሳየችኝ። ከዚያ በኋላ ለመድኩት። ጀልባዎቹን በማለዳ፣ ባሕሩ ወተት ሲመስል። ገበያውን ዝናብ እንዳባራ፣ ጃንጥላዎቹ ሲያበሩ። ማንጎው የአርባ ምንጭን ይመስላል፣ እነሱ ግን ጥሬውን በስኳርና በበርበሬ ነው የሚበሉት። አልወደድኩትም ልል ነበር፤ ወድጄዋለሁ።

የምለጥፈው ግን ሁልጊዜ የለቀቅኩትን ቦታ ነበር። በየሁለት ቀኑ ክፍል እቀይራለሁ፣ ከቀየርኩ በኋላ የድሮውን እለጥፋለሁ። አገር ሁሉ የሚያየውን ያ የሸሸሁት ሰውም ያያል። አንድ ቀን እናቴ ጋ ደውሎ «ልጅሽ የገለባ ኮፍያው አምሮባታል» አላት። ከዚያ ወዲህ የእማዬ ሰላምታ አንድ ብቻ ሆነ፤ «በሩን አሳዪኝ»። የክፍሉን ወንበር ከበሩ እጀታ ሥር አስደግፌ ፎቶ አንስቼ እልክላታለሁ። እነዚያን አልለጠፍኳቸውም። ቪዛው ወጥቶ ወደ ሜልበርን ልበር ስል ደግሞ ሳሚ ስልክሽን አጽጂ፣ ቱሪስት እንዲህ ዓይነት ፎቶ አያነሳም አለኝ። ሰረዝኳቸው።

እነሆ ሜልበርን ገብቼ ጥገኝነት ከጠየቅሁ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። ላቨርተን ኖርዝ አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ፓክ አደርጋለሁ። ጠዋት የለበስኩትን ኮት ቀትር ላይ አወልቄ ወዲያው መልሼ እለብሳለሁ፤ የዚህ አገር ሰማይ ራሱ አይታመንም። የምኖረው ታርኔት እትዬ ዘነበች ቤት ነው፤ የተከራዩትን ቤት አንድ ክፍል አካፍለውኛል። ደግ ናቸው፣ ግን ይጠረጥሩኛል። የምግብ ጠረጴዛቸው ስድስት ወንበር ነበረው፤ እኔ ከገባሁ አምስት ነው።

«ልጄ፣ ወንበሩን ምን ታደርጊበታለሽ?» አሉኝ።

«እቀመጥበታለሁ እትዬ።»

«ስትተኚም ትቀመጫለሽ? ካርፔቱን ቧጭረሽዋል እኮ። የአከራዩ ኤጀንት ቤቱን ሊያይ ለኢንስፔክሽን ሲመጣ ያስያዝኩትን ቦንድ ሊያስቀርብኝ ነው። እዚህ አገር ሌባ የሚመጣው ለመኪና ነው፤ አንቺን ማን ይወስድሻል?»

ባለፈው ሳምንት ለጥገኝነቱ ኢንተርቪው ተጠራሁ። የኢሚግሬሽን ኦፊሰሯ ኮምፒውተሯን ወደኔ አዞረችው። የገዛ ኢንስታግራሜ፣ ያ የገለባ ኮፍያ። አስተርጓሚው በስልክ ነበር። ድምፁን ስሰማ የማን ዘመድ ይሆን ማለቴ አልቀረም። ለሕይወቷ የምትፈራ ሴት ያለችበትን ለዓለም ታሳያለች ወይ ተባልኩ። አዘግይቼ እንደምለጥፍ ነገርኳት። ለዚህስ ማስረጃ አለ? የለም። ያ ለቪዛ ማስረጃ ይሁን ተብሎ የተነሳ ፎቶ አሁን ማስረጃ ሆኖ መጣብኝ። ከዚያ አንዱን በጣቷ ነካችው። አንዲት ፍራፍሬ ሻጭ ያነሳችኝ፣ አፌን ከፍቼ የምስቅበት ነው።

«እዚህ ላይም ፈርተው ነበር?» አለ አስተርጓሚው። ሃያ አራት ዓመቴ ነው፣ እርስዎ ይለኛል።

«እዚህ ላይ አልፈራሁም» አልኩ። «ሴትዮዋ ሌንሱን ወደ ራሷ አዙራ ይዛ ነበር። አስተካክዬላት ስመለስ ሳቄ አልቆም አለኝ።»

አስተርጓሚው አስተላለፈው። ምን ብሎ እንዳስተላለፈው አላውቅም። ኦፊሰሯ ጻፈች፣ ብዙ ጻፈች። በመጨረሻ ከዚያ ጊዜ የቀረ፣ መፍራቴን የሚያሳይ ነገር ካለኝ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንዳመጣ ነገረችኝ፤ ካልሆነ ባለው ይወሰናል።

የበሮቹ ፎቶዎች ትዝ ያሉኝ ባቡር ውስጥ፣ ፉትስክሬይ ጣቢያን ሳልፍ ነው። የላክኋቸው እማዬ ስልክ ላይ አሉ። ደወልኩ፣ አይነሳም። ቤት ገብቼ፣ ክፍሌን ዘግቼ ስደውል አነሳች። እዚያ ገና ጠዋት ነው፤ የጎረቤት ዶሮ ይሰማኛል።

«እማዬ፣ የታይላንዶቹን በሮች ላኪልኝ። ሁሉንም።»

«የትኞቹን?» አለች። የትኞቹን እንዳልኩ ገብቷታል።

«ወንበር ያለባቸውን።»

«ሰረዝኳቸው» አለች። «አውስትራሊያ ገባሁ ያልሽኝ ዕለት። በየቀኑ እያወጣሁ ሳያቸው ወንበሩ የተንቀሳቀሰ ይመስለኝ ነበር። ታምሜ ነበር ልጄ። የሳቅሽበትን ግን አሳድጌ አሳጥቤ ሳሎን ሰቅዬዋለሁ። የገባ ሰው ሁሉ ያደንቀዋል።»

በማን እንደምናደድ ጠፋኝ። የገባ ሰው ሁሉ ማለት ማን ማን ነው አልኳት። ጎረቤቱን አንድ በአንድ ቆጠረችልኝ። ያ ሰውዬስ መጥቶ ነበር ወይ ልላት አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት።

«አንቺስ?» አለች። «በርሽ ተዘግቷል?»

ዞር ብዬ አየሁት። የእትዬ ዘነበች ወንበር እጀታው ሥር ተደግፏል። መቼ እንዳስደገፍኩት አላስታውስም። ፎቶ አንስቼ ላክሁላት።

«ደረሰሽ?»

«ደረሰኝ።»

«ይሄንን አትሰርዢው እማዬ።»