አራስ በጉም አትወርድም

ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። የእህቴ ልጅ ሜሮን ናት። የምትኖረው ቴፒ ነው፤ ሁለት ልጆቿን ይዛ እኔን ልትጠይቅ ወደ ሚዛን ተፈሪ እየነዳች ነበር። «አክስቴ፣ ምሳ እንዳትጠብቂን። ሸኮ ሳንደርስ መኪናው ቀጥ ብሎብናል፤ መካኒክ ጠርቻለሁ» አለችኝ፣ ምንም ሳይመስላት።

«ልጆቹስ?»

«ውስጥ ናቸው። ዝናቡ አይጣል ነው።»

«አውጪያቸው!» ብዬ ጮህኩ። «አሁኑኑ አውጪያቸውና ከመንገዱ ራቁ!»

«አንቺ ደግሞ! ሊበርዳቸው እኮ ነው።»

እኔ መጮኼን አልተውኩም። በመጨረሻ ተቆጥታ ስልኩን ዘጋችው። ስልኩን እንደያዝኩ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ።

ይህ ፍርሃት የያዘኝ እዚያው መንገድ ላይ ነው። ያን ጊዜ አስፋልት የለም፤ ቀይ አፈር ነው፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። እህቴ ብርቄ ሜሮንን የወለደችው ሚዛን፣ እናታችን ቤት ነበር። ሕፃኗ ክርስትና ከተነሣች በኋላ እንደ ወጉ ወደ ባሏ ቤት ወደ ቴፒ ስትመለስ፣ ሸኚዎቿ እኔና አክስታችን እታታ አስካለ ሆንን። የገንፎ ዱቄት፣ አንድ ቅል ቅቤ፣ እግሩ የታሰረ አውራ ዶሮ ይዘናል። ሚኒባሱ በቅቤ ሽታ ታፈነ፤ ተሳፋሪው ግን ሕፃኗን ሲያይ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ቻለው። ከክርስትና ወዲያ አራስነት አለቀ ይባላል፤ ለእታታ አስካለ ግን ብርቄ ልጇ ዳዴ እስክትል ድረስ አራስ ነበረች። የእናታችንም አደራ አንድ ነው፦ «ብርድ እንዳይነካብኝ።»

ሸኮን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር ጉም ወረደ። ደኑም፣ ከደኑ ሥር ያለው ቡናም፣ መንገዱም ሁሉ ነጭ ሆነ። አንድ ኩርባ እንደዞርን ከሥራችን የሆነ ነገር ጓ አለና ሚኒባሱ በበሩ በኩል ዘመም ብሎ ቆመ። ሾፌሩ ጋሽ ከድር ወርዶ፣ አጎንብሶ አየ።

«ባሌስትራው ተሰብሯል። ሁላችሁም ውረዱና ጉብታው ላይ ውጡ» አለ። በሩ አፈሩን እየጫረ በግድ ተከፈተ። ሰዉ አንድ በአንድ ወረደ። ብርቄ ልትነሣ ስትል እታታ አስካለ ትከሻዋን ተጫነቻት።

«አራስ በጉም አትወርድም።»

«እትዬ፣ እንዲህ በቆመ መኪና ውስጥ ሰው አይቀመጥም። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ከኋላ የሚመጣ አያየንም።»

«አንተ መኪናህን ሥራ፤ አራሴን ለእኔ ተዋት።»

መስኮቱን ሁሉ ዘጋጋች። ብርቄን በጋቢ ጠቀለለቻት። ከዚያ ወርዳ በሩን በሁለት እጇ ገፍታ፣ ገፍታ ዘጋችው። ብርቄ የኋላው ወንበር ላይ ሜሮንን እያጠባች ቀረች። ከተሳፋሪው ማንም አልተቃወመም። በእኛ አገር እስላሙም ክርስቲያኑም አራስን ብርድ እንደሚገድል ያውቃል፤ መኪና እንደሚገድል ያሰበ አልነበረም።

ጋሽ ከድር ለጎማው ድንጋይ ታኮ አደረገ። ቀጥሎ እንደ ሾፌር ልማድ ቅጠል ቆርጦ ከኩርባው በላይ መንገዱ ላይ አነጠፈ፤ መንገድ ላይ ቅጠል ያየ ሾፌር ከፊቱ የተበላሸ መኪና እንዳለ ያውቃል። በቅርብ ያገኘው ኮባ ነበር፣ ያ ሰፊው የእንሰት ቅጠል። በጉም ውስጥም ይታያል ብሎ ደስ አለው።

ጉብታው ላይ እየተንቀጠቀጥን ሳለን ከላይ የከብት ኮቴ ተሰማ። ላሞች ከጉሙ ውስጥ እየወጡ በአጠገባችን ቁልቁል ያልፉ ጀመር። የፊተኛዋ ታመሰኳለች። ከአፏ አረንጓዴ ነገር ተንጠልጥሏል። ጋሽ ከድር አያትና ፊቱ አመድ መሰለ።

«ቅጠሌን! አባባ፣ ቅጠሌን አበሉት?»

ከኋላ የመጡት ሽማግሌ ግራ ገባቸው። «መንገድ ላይ ወድቆ አገኘ። ከብት በላ» አሉ በተሰባበረ አማርኛ።

ያኔ ነው ከላይ፣ ከኩርባው ወዲያ፣ የከባድ መኪና ድምፅ የመጣው። ጋሽ ከድር ጃኬቱን አውልቆ እያውለበለበ ሽቅብ ሮጠ። እኔ ቁልቁል ወደ ሚኒባሱ። እታታ አስካለ ቀድማኝ በሩን ትጎትታለች። አልከፈት አለ! የዘመመው መኪና በሩን አፈር ውስጥ ተክሎታል።

«መስኮቱን! ብርቄ፣ መስኮቱን!»

መስኮቱ ተከፈተና ሜሮን እያለቀሰች ወጣች፤ እታታ አስካለ ተቀበለቻት። የብርቄ ትከሻ ግን አላልፍ አለ። «በፊት በኩል!» ብዬ ጮህኩ። የጭነት መኪናው ጥሩምባውን ሳያቋርጥ ሲነፋ፣ ፍሬኑ ሲያጓራ እሰማለሁ። ብርቄ በወንበሮቹ ላይ እየተንፏቀቀች ወደ ሾፌሩ በር ስትሄድ አየኋት። ከዚያ አንድ ሰው ክንዴን ይዞ ወደ ጉብታው ጎተተኝ።

የጭነት መኪናው እየተንሸራተተ መጣ። ሚኒባሱን ከኋላው መታና ገፍቶ ቡና ውስጥ ከተተው። የኋላው ወንበር እንደ ብራና ታጠፈ። ከዚያ ጸጥታ ሆነ። «ብርቄ!» ብዬ ጮህኩ። ሞታለች ብዬ ነበር፤ በእውነት።

ከመንገዱ ማዶ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ «ልጄስ?» የሚል የብርቄን ድምፅ ሰማሁ፤ በሾፌሩ በር ዘላ ወጥታ ነበር።

እታታ አስካለ ጭቃው ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ሕፃኗን በቀሚሷ ደረት ውስጥ ከታ፣ ዝናቡ አናቷ ላይ እየወረደ። «እዚህ ናት!» ብዬ የመለስኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ እስክትሞት ድረስ፣ የተሳፈረችበት መኪና ሰው ለመጫን ሲቆም እንኳ ቀድማ የምትወርደው እሷ ነበረች። ረዳቶቹ ይስቁባታል፤ እሷ ግን ምክንያቱን ነግራቸው አታውቅም።

ሜሮን ታሪኩን ስንት ጊዜ ሰምታዋለች፤ የሌላ ሰው ታሪክ ይመስላታል። ምን ታድርግ፣ ፍርሃቱ የቀረው ለእኛ ነው። ባለፈው ሳምንት፣ መኪናዋ የቆመ ዕለት ሊመሽ ሲል መልሳ ደወለች። ከመንገዱ ራቅ ያለ የገበሬ ቤት ገብተው ጎደሬ ተቀቅሎላቸዋል።

«መኪናው ምንም አልሆነም፤ የነካው የለም። ደስ አለሽ? በከንቱ ነው ልጆቼን ያበሰበስሻቸው!»

«ደስ አለኝ» አልኳት። ከጀርባዋ ትንሹ ልጅ ሲያስነጥስ ተሰማኝ። አንዴ፣ ደግሞ አንዴ።

«ይማርህ» አልኩት፣ ከዚህ ሆኜ። «ይማርህ፣ የኔ ጌታ።»