ነጎድጓድ በመጣ ቁጥር የምትነቀለው ኮምፒውተር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የጤና ባለሙያዎች፣ ወጣቶች፤

ዛሬ ይጁቤ አካባቢ አንዲት እናት ምጥ ጠንቶባት ሳለ፣ የጤና ጣቢያውን የእጅ ሬዲዮ ከደብረ ማርቆስ አምቡላንስ ጋር የምታገናኘው መዳፍ የምታህል ኮምፒውተር አልነሳ አለች። የስልክ ኔትወርክም አልነበረም።

ጥበቃው ጋሼ አበረ፣ «መብረቅ እንዳይመታት ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር እነቅላታለሁ» አሉ።

«ጋሼ፣ መብረቁም እንዲህ አይጨክንባት!» አለች ነርሷ።

በድንገት በተነቀለች ቁጥር ሚሞሪ ካርዷ ሲጎዳ ኖሯል። ከመንቀል በፊት ኮምፒውተሯን በሥርዓቱ መዝጋት እንደሚገባ ግን ለጋሼ አበረ ማንም አልነገራቸውም።

እኔ፣ የጣቢያው ኮምፒውተር ጠጋኝ፣ ከነርሷ ጋር ካርዱን ቀይረን ሬዲዮው ሲመልስ፣ እናቲቱ በባጃጅ ወደ ደብረ ማርቆስ መንገድ ጀምራ ነበር።

አሁን ሆስፒታሉ ቀዶ ሕክምና ክፍል ናት፤ እኔም ተከትያት መጥቼ ደጅ ሆኜ እጽፋለሁ።

ከአደጋ እንጠብቃለን ብላችሁ ያበላሻችሁት ዕቃ ካለ ጻፉልን፤ ሌላው ይማርበታል።

ስላነበባችሁኝ አመሰግናለሁ። የእናቲቱ ሐኪሞች እጅ የቀና ይሁን።