ቅዳሜ አራት ሰዓት የሚጠበቅ ስም

ከሲሪንቃ ወደ መርሳ የሄድኩት ስልኬን ለማሠራት ነበር። ባትሪው አብጦ መሸፈኛውን ስለገፋው መናኸሪያው አጠገብ ካሉት የጥገና ሱቆች በአንዷ በር ላይ ተራ ይዤ ቆምኩ። ከፊቴ ከውርጌሳ በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ፊደል ስላልቆጠሩ ስልካቸው ሲጠራ ማን እንደሆነ አያውቁም፤ ሁሉንም «አቤት ልጄ» እያሉ እንደሚያነሱ ለባለሱቋ ነገሯት።

ሴትዮዋ የፈታችውን ስልክ ወደ ጎን አደረገች። ሽማግሌው በላስቲክ ጠቅልለው በደረት ኪሳቸው የያዟቸውን የልጆቻቸውን ጉርድ ፎቶዎች ተቀበለች። በስልካቸው አንድ በአንድ አነሳቻቸውና ከየቁጥራቸው ጋር አገናኘቻቸው። ከዚያ ለትልቁ ልጅ ደውላ «እባክዎ አባትዎ ስልክ ላይ መልሰው ይደውሉ» አለችው። ወዲያው ጢም ያለው ጎልማሳ ፊት በስክሪኑ ላይ በራ።

«ያንሱት እንጂ አባ» አለቻቸው።

«ቆይ፣ ልየው» አሉ። እስኪቋረጥ ድረስ አዩት።

እኔ ፈገግ እንዳልኩ ከጎረቤት ሱቅ በር ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሚሰፋው ሽፈራው የሚባል ልብስ ሰፊ ድምፁን ከፍ አደረገ። «አባባ፣ ይጠንቀቁ። እሷ የሰው ሞት በቴሌቪዥን የምታሳይ ናት።»

የተቀመጡት ሁለት ደንበኞቹ ሳቁ። ሽማግሌው «ምን አለ?» ብለው ጠየቋት።

«ምንም አላለም አባ። ልብስ ሰፊ ነው፤ አፉንም አንድ ቀን ይሰፋዋል ብለን እየጠበቅን ነው።»

ቀና ብላ እንኳን አላየችውም። ተራዬ ሲደርስ፣ ባትሪውን እየቀየረች ሳለ፣ ነገሩ ምን እንደሆነ ጠየቅኳት። ሥራዋን ቀጠለች። ስልኬን ዘግታ ስትመልስልኝ ግን «መኪና እስኪሞላ ጊዜ ካለዎት ይቀመጡ» አለችኝ።

ስሟ ሶስና ነው፤ አርባ ሊሞላት ሁለት ዓመት ቀርቷታል። አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ ቤት ስትቀመጥ የሞቱ ስልኮችን እየፈታች ጥገና ተማረች። እንግሊዝኛውን የተማረችው ሽፋኑ ከተገነጠለ መዝገበ ቃላት ነው። ትዳር አልያዘችም። ጆሯቸው እየደከመ የሄደውን እናቷን፣ እማማ ቡርቱካንን፣ የምትጦረው እሷ ናት። በዚያው ግቢ ታላቅ ወንድሟ አዳነ ከሚስቱ ጋር ይኖራል። ታናሽ ወንድማቸው ኤፍሬም የተሳቢ ሾፌር ነበር። የትም ይሁን የት ቅዳሜ ጠዋት በአራት ሰዓት ወደ ቤቱ ስልክ ይደውላል። መስመሩ አባታቸው በሕይወት ሳሉ ያስገቡት ነው።

እናትየው ግን ጥሪውን አይሰሙም። ኤፍሬም ደውሎ ደውሎ ይተዋል። እሳቸው ማታ «ልጄ ረሳኝ» እያሉ ያለቅሳሉ። ሶስና ለዚህ መላ ስትፈልግ አንድ ፕሮግራም አገኘች። ስልክ አንዴ ጠርቶ ሁለተኛው ሳይጠራ የደዋዩ ቁጥር በሽቦው ውስጥ ያልፋል አለችኝ። አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ከመስመሩ ጋር በራሱ ሽቦ አገናኘች፤ ኮምፒውተሩ ቁጥሩን ይይዝና በቤቱ ዋይፋይ በኩል ለቴሌቪዥኑም፣ ለስልኮችም፣ በቤት ውስጥ ላለው ስክሪን ሁሉ ያድላል። በየቁጥሩ ስም ከጻፉለት ስሙን ያወጣል።

«ማን ሠራው?» አልኳት።

«የማላውቃቸው ሰዎች። አንዱ ጀመረው፣ ሌላው አረመው። ውስጡን ከፍቶ ማየት ለማንም የተፈቀደ ነው። አማርኛ ስም በትክክል እንዲያወጣ እኔም ትንሽ ነካክቼ መልሼ ሰጥቻቸዋለሁ።»

ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። እኔም ያነበብኳቸውን መጻሕፍት አብዛኞቹን ያገኘሁት በነጻ ከሰጡኝ ሰዎች እጅ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው።

እማማ ቡርቱካን በመሠረተ ትምህርት ዘመን ማንበብ ተምረዋል። ቅዳሜ አራት ሰዓት ሲሆን ነጠላቸውን አስተካክለው ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጣሉ። «ኤፍሬም» የሚለው ስም ሲወጣ ስልኩን አንስተው የሚሰሙትንም የማይሰሙትንም ያወሩለታል። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ።

ባለፈው ዓመት አንድ አርብ ኤፍሬም በመኪና አደጋ ሞተ።

እኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ንጋት ላይ ሽማግሌ ቀድሞ፣ ሐዘንተኛዋን የሚይዝ ክንድ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። መርዶው ለእሑድ ንጋት ተቀጠረ። አዳነ ቅዳሜ ማለዳ የቤቱን ስልክ ከግድግዳው ነቅሎ ደበቀና ሶስና ሱቅ ድረስ ሄዶ መርዶውንም ስልኩን መንቀሉንም ነገራት።

«እማዬ አራት ሰዓት ላይ ቴሌቪዥኑ ፊት ትቀመጣለች። ስልኩን ብትነቅለውም ኮምፒውተሩ የራሱ ሽቦ አለው። ልግባና ላጥፋው» አለችው።

«በዚህ ፊትሽ? አይታሽ ታውቃለች። ስልኩን ነቅያለሁ ብዬሻለሁ፤ አርፈሽ ጎረቤት ተቀመጪ» ብሎ ሬሳውን ሊቀበል ሄደ። ከቤቱ ዋይፋይ ውጭ ሆና ደግሞ ከስልኳ ልታጠፋው አትችልም። ታላቋ ነው፤ ታዘዘችው።

አዳነ መንገድ ላይ ኔትወርክ ስላልነበረው ዘመዱ ሁሉ «ተረድታለች ወይ?» ብሎ ለመጠየቅ ወደ ቤቱ መስመር ደወለ። እማማ ቡርቱካን አራት ሰዓት ላይ እንደ ልማዳቸው ተቀመጡ። የደሴዋ እህታቸው ስም ወጣ። ለሠርግና ለሞት ካልሆነ የማይደውለው የሐራው አጎት ወጣ። የንስሐ አባታቸው ወጡ። አሥራ አራት ስም አነበቡ። አንድ ስም ብቻ ቀረ። ብቻቸውን ጮኸው ወደ ደጅ ሮጡ፤ ደረጃው ላይ ወደቁና የግራ እጃቸው ተሰበረ። የአዳነ ሚስት ለለቅሶው ልታሰናዳ ወጥታ ስለነበር የሚይዛቸው ሰው አልነበረም።

«ከዚያ ወዲህ ጠላት ነኝ» አለችኝ ሶስና። በአርባው ዕለት የዕድር ሴቶች ጭልፋውን ከእጇ ተቀበሏት። «አንቺ ወጥ አትንኪ፤ የነካሽው ሁሉ ይናገራል» አለቻት አንዷ። የደሴዋ አክስቷ «ስሜን ከዚያ ሳጥን ፍቂልኝ» ብላ ላከችባት። ሌሎቹም ስማቸው እንዳይወጣ ፈርተው መደወል ተዉ።

ማሽኑን ማየት እፈልጋለሁ አልኳት። ሱቋን ዘግታ ወደ ቤቷ ይዛኝ ሄደች።

አዳነ በር ላይ የአይሱዙውን ጎማ እየፈታ ነበር። «ደግሞ ማንን አመጣሽ?»

«ማሽኑን ማየት ፈልገው ነው።»

«ማሽኑን?» ብሎ በጨርቅ እጁን ጠራረገና ወደ እኔ ዞረ። «እንግዲያው ጋሼ፣ ጥቁር ልብስዎን ይዘው መምጣት ነበረብዎት።»

«እግዜር ያጽናችሁ» አልኩት።

«ያጽናን። እሷን ግን ይንቀላት።»

ሳሎን ውስጥ እማማ ቡርቱካን ጥቁር ለብሰው ባዶ ሰማያዊ ስክሪን ፊት ተቀምጠዋል። ቀኑ ቅዳሜ አይደለም። የግራ እጃቸው አንጓው ላይ ጠምሟል። ጆሯቸው ስር ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸው። በደህናው እጃቸው ያዙኝና «ዛሬም ማንም የለም» አሉኝ።

አዳነ ተከትሎን ገባ። «እማዬ» ብሎ ጮኸ፣ «ከአርባው ወዲህ ማን ደወለ?»

«ማንም።»

«ሰሙ ጋሼ? ሰው ይሄን ቤት ፈራው። እጇን የሰበረችው እሷ ናት። የወንድሜን መርዶ እንደ ዜና ያስነበበችው እሷ ናት።»

ሶስና መሬት መሬት ታያለች። ስለ ሽቦው የነገረችውን ላነሳበት አፌን ስከፍት በዓይኗ ከለከለችኝ።

«ልጄ አላረዳችኝም» አሉ እናትየው፤ ከከንፈሩ አንብበው ይሁን ከፊቱ አላውቅም። «ያረዳኝ የሱ ስም መቅረቱ ነው።»

«እና ምን ይሁን? ለዘላለም አፍጥጠሽበት ትኖሪያለሽ?» አለ አዳነ። ከዚያ ለእህቱ ተናገረ። «ሙት ዓመቱ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። እስከዚያ ከዚህ ግቢ ውጭ ያለ አንድ ሰው ስሙን እዚህ ላይ ካወጣ፣ ይቀመጥ። ካልወጣ ሳጥኑን አስፋልቱ ላይ እሰብረዋለሁ። አንቺም ሱቅሽ ውስጥ ትተኛለሽ፤ እማዬን ሚስቴ ትይዛታለች።»

«ሚስትህ እማዬን ሌሊት ሽንት ቤት ወስዳት ታውቃለች?»

«ትለምዳለች። አንቺም ሰው ማርዳት ለምደሽ የለ?»

ሶስና የእናቷን ትከሻ ነክታ ጎንበስ ብላ አዳነ ያለውን ደገመችላቸው፤ ምንም አላስቀረችም። እማማ ቡርቱካን ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አዩት። «ስም የማይወጣበት ከሆነማ ምን ያደርግልኛል» አሉ።

አዳነ ወደ ጎማው ተመለሰ።

ሶስና እስከ መናኸሪያው ሸኘችኝ። በልብስ ሰፊው በር ስናልፍ ሽፈራው «ጋሼ፣ ስምዎን አልተቀበለችዎትም?» ብሎ ሳቀ።

«ስለ ሽቦው ለምን በሰው ፊት አትነግሪውም?» አልኳት።

«ያውቀዋል። ከኔ ይልቅ እሱ ነው ሌሊት የማይተኛው። በሰው ፊት ብነግረው ወንድምም አይኖረኝ።»

«ከሱቅሽ ሆነሽ አንቺ ለምን አትደውዪላቸውም?»

«ሞከርኩ። ስሜ ሲወጣ "ማታ የምትገባ ልጅ ምን ያስደውላታል" አለች። የምትጠብቀው ከደጅ የሚመጣ ስም ነው።»

ወደ ወልድያ የሚሄደው መኪና ሞላ። ረዳቱ «ሲሪንቃ፣ ወልድያ» እያለ ይጣራል። እግሬን ደረጃው ላይ ሳሳርፍ እጅጌዬን ያዘችኝ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ቅዳሜ ጠዋት በአራት ሰዓት ወደ ቤቱ ስልክ ይደውሉልኝ። ማውራት አይጠበቅብዎትም፤ ብታነሳውም አትሰማዎትም። ሁለቴ ይጥራ ብቻ። አዳነ ስምዎን ያየዋል፤ መርሳ ሲመጡ መንገድ ላይ ሊሰድብዎት ይችላል፤ ይህንን አልደብቅዎትም።» ከኪሷ እስክሪብቶ አውጥታ መዳፏን ዘረጋች። «ቁጥርዎን ይንገሩኝ። ስምዎንስ ማን ብዬ ልጻፈው?»