ልጅ ያዘለችው ሰሌዳ

ከለገሃር መነሻ

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት በጠዋቱ ፈጣን ባቡር፣ በሊትሪናው ነው። የያዝኩት አንድ የልብስ ሻንጣ፣ በብርድ ልብስ የጠቀለልኳቸው የናሙና ሰሌዳዎች፣ ብሩሾቼን የያዘ የቆርቆሮ ሣጥንና ከቀበሌ ያወጣሁት የይለፍ ወረቀት ነበር። የባለቤቴ የተፈራ መንፈቅ ወጥቷል። ከሉን ግን ገና አላወለቅሁም።

እኔና ተፈራ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥራ ቤት ነበረን። ለፀጉር ቤት፣ ለፎቶ ቤት፣ ለልብስ ሰፊ፣ ለጨርቅ ነጋዴ እንሠራለን። ሥዕሉ የእሱ ነው፤ መቀሱ፣ ጫማው፣ ጥርሷን የምታሳየው ቆንጆ። ፊደሉ የእኔ ነው። ደንበኛ ግን የሚያውቀው እሱን ብቻ ነበር፤ ከሰው ጋር የሚጫወተው፣ ሰርግም ለቅሶም የሚደርሰው፣ ሥራ ይዞ የሚመጣው እሱ ነውና። እሱ ሲያርፍ በራችንን የሚያንኳኳ ጠፋ።

ታላቅ ወንድሙ ጋሽ መኰንን ሥራ ቤቱን ለቀበሌ መልሼ አንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት እንድቀጠር መከሩኝ። ክፉ አላሰቡም። ሥራ ይዤ ካልመጣሁ ቁልፉን ላስረክባቸው ተስማምተን ተለያየን። ስለዚህ ድሬዳዋ የሄድኩት ለሽርሽር አይደለም። ተፈራ በየዓመቱ የአዲስ አበባ ብርድ ሲጠና ወደዚያ እየወረደ ብዙ ሰሌዳ ሠርቷል። እኔ አንድም ቀን አብሬው አልሄድኩም፤ ሥራ ቤቱን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልግ ነበር። “ሐጂ ኢብራሂምን ያገኘ የመጋላን ነጋዴ በሙሉ አገኘ” ሲል ግን ሁልጊዜ እሰማው ነበር። እጄን አምነዋለሁ። ሐጂን ካገኘሁ የቀረው ቀላል ነው ብዬ ተነሣሁ።

በሐዲዱ ላይ

እስከ ናዝሬት ድረስ ሹራቤን አላወለቅሁም። መተሐራ ልንደርስ ስንል አውልቄ ተቀመጥኩበት። በስተ ቀኝ የበሰቃ ሐይቅ በጥቁር ድንጋይ መካከል ያብረቀርቃል፤ ከዚያ ግራር፣ ግመል፣ እንደገና ግራር። አዋሽ ላይ ወርደን ምሳ በላን። ፓስታው ከሥጋው ይበዛል፤ ሁለት ብር አስከፈሉኝ። ኤረር ስንደርስ ልጃገረዶች በመስኮት ብርቱካን እያቀበሉን በሃምሳ ሳንቲም እቅፌን ሞሉልኝ።

አጠገቤ የተቀመጡት ወይዘሮ አስካለ ባላቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ነው፤ ተወልደው ያደጉት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ነው። የጥቅልሉን ነገር ጠይቀውኝ ሁሉን ነገርኳቸው። ስለ ሐዘኔ ከንፈራቸውን መጠጡልኝ፤ ስለ ሥራዬ ግን ሳቁብኝ። እኔ ሰሌዳዎቼን ይዤ ሱቅ ለሱቅ ልዞር ነበር ያሰብኩት።

“እዚህ አገር ሰው በሰው ነው” አሉኝ። “ሳያውቅሽ ዕቃሽን የሚያይልሽ የለም። መጀመሪያ አንቺን ነው የሚያዩት፤ ዕቃውን ኋላ።”

ሆቴል እንዳልገባም ከለከሉኝ። ድሬ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ደርሳ ሙቀቱ ግን አልበረደም፤ ከጣቢያው ስወጣ እንደ እቶን አፍ ተቀበለኝ። ሻንጣዬን ጋሪ ላይ ጭነን በዛፎቹ ጥላ ሥር ወደ ቤታቸው ሄድን። አልጋዬን እንደ አገሩ ልማድ ግቢ ውስጥ ዘረጉልኝ።

መጋላ፣ በማይሆን ሰዓት

በማግሥቱ ምክራቸውን ረሳሁ ማለት ይቻላል። ጠዋቱን ናሙናዎቼን ስወለውልና ስጠርግ አሳለፍኩና የደቻቱን ወንዝ ደረቅ አሸዋ አቋርጬ የገበያው ሰፈር መጋላ የደረስኩት ስድስት ሰዓት ላይ ነው። በሩ ሁሉ ተዘግቷል። ከተማው በቀትር ይተኛል፣ ይቅማል፣ ያርፋል፤ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ጨርቅ የሚሸጥልህ የለም። ጥቁር ለብሼ፣ ጥቅልል ተሸክሜ፣ ባዶ መንገድ ላይ ቀረሁ።

“አባዮ፣ በዚህ ፀሐይ ጥቁር? አንቺ ራስሽ እኮ ነሽ ፀሐይዋን የምትጠሪያት” የሚል ድምፅ ሰማሁ።

አንድ በረንዳ ጥላ ሥር ሳምቡሳ የምትሸጥ ሴት ናት። አባዮ በሶማልኛ እህቴ ማለት ነው። ፋጡማ ትባላለች፤ ለአንዱ በሶማልኛ፣ ለአንዱ በኦሮምኛ፣ ለእኔ በአማርኛ ትመልሳለች፤ በሁሉም ትቀልዳለች። አጠገቧ አስቀምጣኝ ውሃ ሰጠችኝ። ለምን እንደ መጣሁ ስነግራት በአገጯ ወደ ማዶ አመለከተችኝ። “የሐጂ ሱቅ ያውልሽ።”

ቀና ስል አየሁት። ሰማያዊ ላሜራ ላይ በነጭ “የሐጂ ኢብራሂም የጨርቃ ጨርቅ መደብር” ይላል። የተፈራ እጅ ነው፤ ብቻውን፣ ያለ እኔ። ፀሐይ በልታው ነጩ ወደ ቢጫ፣ ሰማያዊው ወደ አመድ ተለውጧል። ፊደሎቹ ሲጀምሩ ሰፊና ደልዳላ ናቸው። ወደ መጨረሻው ሲደርሱ ቦታ አጥሯቸው ተጨናንቀዋል፤ የመጨረሻዋ “ር” መቆሚያ አጥታ “ብ” ትከሻ ላይ ወጥታለች።

ሳቅ አመለጠኝ። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። ይህ ሰው በሕይወቱ አንድም ቀን ከመጻፉ በፊት ለክቶ አያውቅም ነበር። ቤት ውስጥ የምለካለት እኔ ነበርኩ። ሳቄ ሳያልቅ ዓይኔ ሞላ፤ ፋጡማ አይታ እንዳላየች ሳምቡሳዋን አገላበጠች።

ሐጂ

በአሥር ሰዓት በሮቹ ተከፈቱ። ሐጂ ኢብራሂም ነጭ ሽርጥና ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው። የተፈራ ባለቤት መሆኔን ስነግራቸው ከመቀመጫቸው ተነሡ። ስለ እሱ በለሆሳስ ጸለዩ፤ በወተት የፈላ ሆጃ አስመጡልኝ፤ ስለ ጉዞዬ ጠየቁኝ። ናሙናዎቼን ስፈታ ግን ዓይናቸው እኔ ላይ እንጂ ሰሌዳው ላይ አልነበረም። ወይዘሮ አስካለ ልክ ነበሩ።

ከሐጂ ወጥቼ ሌሎቹን ሞከርኩ። ፎቶ ቤቱም፣ ልብስ ሰፊውም፣ ጫማ ሻጩም በትሕትና ተቀበሉኝ፤ የሁሉም መልስ ግን አንድ ነበር፦ “ሐጂ ምን አሉ?” ጫማ ሻጩ ደግሞ ትልቁን ናሙናዬን አይቶ አንገቱን ነቀነቀ። ዘመኑ ነጋዴ አንገቱን የሚደፋበት ነው። “አቦ፣ ትልቅ ሰሌዳ ትልቅ ዓይን ይጠራል” አለኝ። ይህን ቁም ነገር ወዲያው ያዝኩ፤ ከዚያ በኋላ ትንሿን ብቻ ነው ያሳየሁት።

በሦስተኛው ቀን ሐጂ አስጠሩኝ። በበራቸው ቆመን ሽቅብ ወደ ሰሌዳው ተመለከትን።

“ፀሐይ ጨርሳዋለች” አሉ። “ሰው የእጅሽን ይይ። የኔን አድሺው።”

ደስታዬ አፍታም አልቆየም። ማደስ ማለት መፋቅ ነው። ባሌ ድሬ ላይ ብዙ ሠርቷል ብዬ መጥቼ፣ ያየሁት የብቻ እጁ ይኸው አንድ ነው፤ ሌላውን ጊዜ በልቶታል ወይም በላዩ ተቀብቷል። የመጀመሪያ ሥራዬ እሱን ማጥፋት ሊሆን ነው።

ሐጂ ፊቴን አዩና፣ “ብትተይውም ፀሐይዋ አትተወውም፣ ልጄ” አሉኝ።

እውነት ነው። እሺ አልኳቸው።

ብርጭቆ ወረቀት

በማለዳ መሰላል ተውሼ ወጣሁ። ፋጡማ በከሉ ብቻ ፀሐይ ላይ እንድቆም ስላልፈለገች የራሷን ነጭ ሻሽ በላዩ ጣል አደረገችልኝ። ላሜራውን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁት። ከመጀመሪያው ቃል ጀመርኩ፤ ወደ መጨረሻዋ ፊደል ስደርስ እጄ ትንሽ ዘገየ፤ ግን አልቆምኩም። አቧራው ነጭ ሆኖ ፊቴ ላይ ተነሰነሰ። በቀለም ማቅጠኛው በአኳራጅ ጠርጌ ሰማያዊውን መደብ ቀባሁ። በዚያ ሙቀት ቀለም ለመድረቅ ብዙ አያስጠብቅም።

ከሰዓት በኋላ ሲባጎ ወጥሬ፣ መሐሉን ለክቼ፣ በጠመኔ ነደፍኩ። ነጩን ስጨርስ ወርጄ ከማዶ ሆኜ አየሁት። ቀጥ ያለ፣ እኩል የተራራቀ፣ ከዳር እስከ ዳር የተመጣጠነ። አዲስ አበባም ቢሆን የሚያኮራ ሥራ ነው። ነጋዴዎቹ ከየበራቸው ወጥተው አዩ። ማንም ምንም አላለም። ዝምታውን እንደ አድናቆት ቆጠርኩት።

በማግሥቱ የገበያ ቀን ነበር። ከገጠር፣ ከጀልዴሳና ከዋሂል የተነሡ ሴቶች ቀፊራ ገበያ ውለው ጨርቅ ሊገዙ መጡ። በሐጂ በር ሥር ሄዱ፤ ሽቅብ አዩ፤ አለፉ። ተመልሰው መጡ፤ እንደገና አለፉ። በመጨረሻ ፋጡማን በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቋት። እሷ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ምን አሉ ብላት፣ ሳቋ አላስተነፍስ ብሏት በእጇ ጀርባዋን መታ መታ አደረገች። “ልጅ ያዘለችው ሱቅ የት ሄደች ይላሉ።”

ያኔ ሁሉም ገባኝ። ሴቶቹ አማርኛ ማንበብ አይችሉም። ከከተማውም ብዙው አያነብም። ያችን ሱቅ የሚያውቋት በመጨረሻዋ ፊደል ነበር፤ እናቷ “ብ” ትከሻ ላይ በወጣችው። እናት ለልጇ፣ ጎረቤት ለጎረቤት፣ ባለ ጋሪ ለእንግዳ ሲነግር “ልጅ ያዘለችው ዘንድ” ነው የሚለው። ተፈራ ቦታ አጥሮት የሠራትን ፊደል ከተማው ስም ሰጥቷት አሳድጓት ነበር።

ሐጂ ወጥተው አጠገቤ ቆሙ። አልተቆጡም።

“ልጅቷን የት ጣልሻት?” አሉኝ ብቻ።

ልጅቷ

ሰሌዳውን መልሼ ቀባሁ። ይህ ለእኔ ቀላል መስሎኝ ነበር። ፊደል የማውቅ ሰው አንዲት “ር” ከፍ አድርጌ ለመጻፍ ምን ይቸግረኛል? በጠመኔ ነድፌ ወርጄ አየሁ፤ ልጅቷ የታዘለች ሳትሆን በገመድ የተሰቀለች መሰለች። ደመሰስኩ። ዝቅ አደረግኋት፤ የወደቀች መሰለች። ፋጡማ ከማዶ ሆና ትፈርዳለች፦ “ይቺስ እንጀራ ልጅ ናት።” ጫማ ሻጩ፣ “ይቺ እንኳ ለመታዘል አድጋለች” አለ። መንገዱ በሙሉ ሥራ ፈቶ ያየኝ ጀመር። ሐጂ በዚህ ካልተደሰቱ ሌሎቹም ሥራ አይሰጡኝም፤ ቁልፉም ለጋሽ መኰንን ነው።

መሰላሉ ላይ ወጣሁ። ሲባጎውን ፈታሁ። ማስመሪያዬን ወርውሬ ለፋጡማ ሰጠኋት። ጠመኔውን ደመሰስኩና ብሩሹን ነከርኩ። ከግራ ጫፍ፣ ሳልለካ፣ ተፈራ በሚጀምርበት ልብ ጀመርኩ፤ ሰፊ አድርጌ፣ ቦታ የማያልቅ ይመስል። “የሐጂ” ብቻዋን ሩቡን ያህል ወሰደች። እንዴት ያስደስት እንደ ነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ቤት ስለካለት ለምን እንደሚያዛጋም ገባኝ። “ጨርቅ” ላይ ስደርስ ላሜራው እያለቀ መሆኑን አየሁ፤ ማጥበብ ጀመርኩ። “መደ” ተጫጫነች። “ብ” ጫፉን ነካች። ለ“ር” የቀረ ምድር አልነበረም።

ሌላ የምትሄድበት ስላልነበራት ትከሻው ላይ ወጣች።

ወረድኩ። ከዚያ ከጀልዴሳዎቹ አንዷ፣ ራሷ ልጅ ያዘለች ሴት፣ ጣቷን ወደ ላይ ቀስራ ለጓደኞቿ የሆነ ነገር ብላ ወደ ሱቁ ገባች። ተከተሏት።

ሐጂ ለሚገቡት ጨርቅ ከመዘርጋታቸው በፊት ወደ ፎቶ ቤቱ ባለቤት ዞረው፣ “የተፈራ ቤት ሰው ናት። እጇን አየኸው” አሉት። ከዚህ በላይ አላስተዋወቁኝም፤ አላስፈለገምም። እስከ ማታ ድረስ ፎቶ ቤቱ፣ ልብስ ሰፊው፣ ያ አንገቱን የነቀነቀው ጫማ ሻጭ ሳይቀር አዲስ አበባ ሠርቼ የምልክላቸው ሰሌዳ አዘዙኝ። ጫማ ሻጩ፣ “የኔ ግን ልጅ አትዘል፤ አሳዳጊ የለኝም” አለ።

ወደ ቤት

ከወይዘሮ አስካለ ጋር ስንሰነባበት፣ በሚመጣው ብርድ ግቢያቸው ያለችው አልጋ የኔ እንደ ሆነች ነገሩኝ። ፋጡማ ሻሿን መልሼ ስሰጣት አልቀበልም አለች። በመልሱ መንገድ ከል ለብሼ ነጭ ሻሽ ጣል አድርጌ ተቀመጥኩ። መተሐራ ላይ ሹራቤን መልሼ ለበስኩ።

ስሄድ የባሌን ሰዎች እወርሳለሁ ብዬ ነበር። ትውውቅ ግን እንደ ቤት ዕቃ አይወረስም፤ እዚያው ሄዶ፣ በፀሐይ ቆሞ፣ ተስቆበት፣ እንደ አዲስ የሚሠራ ነው። ሌላም ተማርኩ፦ ሰሌዳ የሚሠራው ሰዓሊው ብቻ አይደለም። እኛ ጽፈን እንሄዳለን፤ ስሙን የሚያወጣለት መንገደኛው ነው። ይህን በዚህ ሥራ ላይ ላሉት ሁሉ ብነግር ደስ ይለኛል።

ጋሽ መኰንን ሥራ ቤቱ በር ላይ ጠበቁኝ። የያዝኩትን ሳይጠይቁ ለቁልፉ እጃቸውን ዘረጉ። እኔ ጥቅልሉን እጃቸው ላይ አኖርኩትና በሩን ከፈትኩ።

“ያዙልኝ፣ ጋሼ፤ ሥራ አለብኝ” አልኳቸው።

የድሬውን ፎቶ ቤት ላሜራ ጠረጴዛው ላይ አጋደምኩት። ሲባጎዬን ወጠርኩ፤ መሐሉን ለካሁ። ሳይለካ የሚጀምረው ተፈራ ነበር፤ እሱ ድሬ ላይ ቦታውን ይዟል። የኔ ፊደል ቀጥ ብሎ ይቆማል።